ለጣሪያ ሥራ የገዛሁት ሴፍቲ ሃርነስ፣ ከ8 ወር በኋላ

ባለፈው ክረምት አጎቴ አሸንዳ ሊጠርግ በባሕር ዛፍ መሰላል ወጥቶ ወደቀ። ዳሌው ተሰብሮ እስከ ጥር አልጋ ላይ ነበር። እኔም መስከረም ላይ ደሴ ፒያሳ ወርጄ ይህን ሃርነስ፣ ማለትም ሰው ሲወድቅ የሚይዝ የሙሉ ሰውነት መታጠቂያ፣ ገዛሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ያወጣልኝ ረከስ የሚለውን የወገብ ቀበቶ ነበር፤ አልወሰድኩትም። ቀበቶ የወደቀን ሰው ሲይዝ ጉተታው ሁሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ነው የሚያርፈው። ሙሉው ግን ለጭንና ለትከሻ ያካፍለዋል።

መታጠቂያው ራሱ ጥሩ ነው። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም፣ መቆለፊያዎቹም አልዛጉም። በደሴ ብርድ ጃኬት ደርቤ ስታጠቅ የደረቱ ማሰሪያ ያጥረኛል፤ ሌላ የማማርርበት የለም።

ችግሩ አብሮት የመጣው ገመድ ነው። ርዝመቱ 1.8 ሜትር ነው፤ ሰው ሲወድቅ እየተተረተረ ጉተታውን የሚያለዝብ ጥቅል አለው፤ እሱ ሲዘረጋ 1 ሜትር ያህል ይጨምራል። ጀርባዬ ላይ ካለው ቀለበት እስከ እግሬ ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። የጣሪያው ጠርዝ ላይ አስሬው ብወድቅ እግሬ ከ4 ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው። የቤቴ ጣሪያ ጠርዝ ከመሬት 3.2 ሜትር ነው! ይህን ቁጭ ብዬ ያሰላሁት ከገዛሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተጠበቅሁ መስሎኝ እወጣ ነበር። ያ ገመድ ለፎቅ ሥራ እንጂ ለእንደኛ ዓይነቱ ቤት አይሆንም።

ስለዚህ ረጅም ገመድና በገመዱ ላይ የሚንሸራተት መያዣ ለብቻ ገዛሁ። ስትወጣ አብሮህ ይሄዳል፤ ድንገት ሲጎተት ነክሶ ይይዛል። ገመዱን ከቤቱ ጀርባ ካለው የኮንክሪት ምሰሶ አስሬ፣ በጣሪያው አናት አሻግሬ ወደምሠራበት አወርደዋለሁ። የጣሪያው ሞራሌ እንጨት ላይ ማሰርን አላምነውም። መሰላሉንም ከላይ አስረዋለሁ፤ እግሩን 4 ሜትር ለሚሆን ቁመት 1 ሜትር ከግድግዳው አርቃለሁ። ራሴን ግን ከመሰላሉ ጋር በፍጹም አላስርም፤ ከሄደ ይዞኝ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ እንዳባራ የባሕር ዛፍ ቅጠል የደፈነውን አሸንዳ ልጠርግ ወጣሁ። ቆርቆሮው እርጥብ ነበር። ቀኝ እግሬ ሸሸኝና በሆዴ ተንሸራተትኩ። መያዣው ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ቆምኩ። አንድ ክንድ እንኳ አልሄድኩም። ባለቤቴ ከታች «ያ አላህ!» ብላ ጮኸች። «አብሽሪ፣ ይዞኛል» አልኳት፤ ድምፄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወርጄ ገመዱን በጣቴ ስዳስሰው የጣሪያው አናት የነካው ቦታ ፀጉር አውጥቷል። ጣልኩት። በአዲሱ ላይ እዚያ ቦታ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ አለብሰዋለሁ። ቤት ሰው ከሌለም አልወጣም፤ በማሰሪያ ተንጠልጥሎ መቆየት ደም እግር ላይ እንዲቀር ስለሚያደርግ ራሱ ሊገድል ይችላል፤ ቶሎ የሚያወርድ ሰው ያስፈልጋል።

አንዴ የያዘ መታጠቂያ ድጋሚ አይታመንምና ክረምት ሳይገባ ያንኑ ዓይነት ሃርነስ እገዛለሁ። ገመዱን አውጥቶ መታጠቂያውን ብቻ እንዲሸጥልኝ ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ።