የኦክቶፐስ አሻንጉሊት የኪሮሽ ጥቅል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወር አንድ ማስታወቂያ አለ። በኪሮሽ የተሠራች ትንሽዬ ኦክቶፐስ ታያላችሁ። ክብ ጭንቅላት፣ የተጠቀለሉ እግሮች፣ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ዓይኖች። በጣም ታምራለች። ከሥሯ «ክር፣ የኪሮሽ መርፌ፣ ጥጥ፣ ዓይንና የአሠራር መመሪያ በአንድ ጥቅል፤ ጀማሪም በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል» የሚል ጽሑፍ አለ። ዋጋው 1,800 ብር ነው። ብሩን ቀድማችሁ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ጥቅሉ በሞተር ይመጣላችኋል።

እባካችሁ አትግዙት። ጉዳቱ ከብሩም በላይ ስለሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

የገዛችው የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። እህቷ ልትወልድ ስለደረሰች ለሕፃኑ በእጇ የሠራችውን ነገር መስጠት ፈለገች። ከኪስ ገንዘቧ አጠራቅማ ነው የገዛችው። ከዚያ ስትሠራ ስትተረትር፣ ስትተረትር ስትሠራ ከረመች። በመጨረሻ ሁሉንም በፌስታል ይዛ መጣችና «እትዬ፣ እኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይደለሁም መሰለኝ» አለችኝ። እንባዋ መጥቷል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኪሮሽ እሠራለሁ። የቤታችንን የሶፋ ዳንቴል የሠራችው እናቴ ናት፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነው የለመድኩት። የልጅቷን ሥራ አገላብጬ አየሁት። እጇ ምንም አላለም። ስፌቷ እኩል ነው፣ ክር አያያዟም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው መመሪያው ላይ ነው።

መመሪያው ሲታይ ያምራል። ባለቀለም ፒዲኤፍ ነው፤ ዙሮቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ግን ሒሳቡ ውሸት ነው። ክብ ነገር በኪሮሽ ሲሠራ አካሄዱ የታወቀ ነው። መነሻ ቀለበቱ ላይ 6 ስፌት ትሠራላችሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ ሁለት ሁለት ታስገባላችሁ፤ 12 ይሆናል። ሦስተኛው ላይ አንድ ስፌት፣ አንድ ጭማሪ እያላችሁ 6 ጊዜ ትደግማላችሁ፤ 18። አራተኛው ላይ ሁለት ስፌት፣ አንድ ጭማሪ፤ 24። ጭማሪ ማለት በአንድ ስፌት ውስጥ ሁለት መሥራት ነው። በዙሩ ውስጥ ስድስት ጭማሪ ካለ የሚጨመረው ስድስት ስፌት ነው። ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም።

የተሸጠላት መመሪያ አራተኛው ዙር ላይ «ሁለት ስፌት፣ አንድ ጭማሪ፣ 6 ጊዜ» ይልና ድምሩን 30 ብሎ ይጽፋል። ከ18 ተነስቶ፣ ስድስት ጨምሮ፣ 30 ከየት ይመጣል? ቀጥሎ አምስተኛው ዙር «አራት ስፌት፣ አንድ ጭማሪ፣ 6 ጊዜ» ይላል። ይህን ለመሥራት 30 ስፌት ያስፈልጋል፤ እጃችሁ ላይ ያለው ግን 24 ነው። አራት ጊዜ ትደግማላችሁ። አምስተኛው ላይ አራቱን ስፌት ትሠሩና ጭማሪውን የምታስገቡበት ቦታ ታጣላችሁ፤ ዙሩ አልቋል። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ «የሆነ ቦታ ዘልያለሁ» ብሎ ይተረትራል። እንደገና ይጀምራል፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይቆማል። ልጅቷ ስንት ቀን ያለቀሰችው በዚህ ነው።

እግሮቹ ላይማ ይብሳል። መመሪያው «6 እግር ሥሩ» ይላል። ኦክቶፐስ ያለው ስምንት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶ አብረን ስንቆጥር ደግሞ ዘጠኝ አገኘን፤ አንደኛው ከሌላ እግር መሃል የበቀለ ነው።

ፎቶውም መመሪያውም በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ለመሆኑ አልጠራጠርም። ኤአይ የኪሮሽ መመሪያ የሚመስል ጽሑፍ ይጽፋል፤ ግን መርፌ ይዞ አልሞከረውም። ሻጯም አልሞከረችውም። ያንን አሻንጉሊት ሠርቶ ያየ አንድም ሰው የለም ማለት ነው፤ አራተኛውን ዙር የሞከረ ሰው ቢኖር ስህተቱን ወዲያው ያየው ነበር።

እንዲህ ያለውን ፎቶ መለየት ይቻላል። ስልካችሁ ላይ አጉሉት። እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ላይ ስፌቶቹ ትንንሽ የቪ ቅርጽ አላቸው፤ አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ጭንቅላቱን ሲዞር በዓይናችሁ መከተል ትችላላችሁ። የውሸቱ ላይ መስመሩ ይጀምርና መሃል ላይ ይጠፋል። አንዱ ጎን ሹራብ ይመስላል፣ ሌላው ጎን ለስልሶ ፀጉር ይሆናል። እግሩ ጭንቅላቱ ላይ የተሰፋበት ቦታ አይታይም፤ ዝም ብሎ የበቀለ ነው የሚመስለው። አጠገቡ የኪሮሽ መርፌ ካለ ጫፉን እዩት፤ ብዙ ጊዜ መንጠቆ የለውም። እግሮቹንም ቁጠሩ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሻጩን መጠየቅ ነው። «የጨረሳችሁትን አሻንጉሊት በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ከታች በኩል እየገለበጣችሁ አጭር ቪዲዮ ላኩልኝ» በሉ። የሠራ ሰው በደስታ ይልካል። እኔ የማውቃቸው በእጃቸው የሚሠሩ ሴቶች ሳይጠየቁ ነው የሚልኩት። «ፎቶው በቂ ነው» የሚል መልስ ከመጣላችሁ ተዉት። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የመመሪያውን የመጀመሪያ አራት ዙሮች አስልኩና ደምሩ። ድምሩ ካልገጠመ ቀሪውን ማየት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልምጣ። ክሩ ላይ «100% ጥጥ» ይላል። ጫፉን ቆርጬ በጉጠት ይዤ እቃ ማጠቢያው ላይ ለኮስኩት። ጥጥ ሲቃጠል የወረቀት ሽታ አለው፤ የሚቀረውም በጣት የሚፈርስ አመድ ነው። ይሄኛው ቀለጠ፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ቀረ። አክሪሊክ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው። አክሪሊክ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ እኔም ለብዙ ነገር እጠቀምበታለሁ። ጥጥ ነው ብሎ በጥጥ ዋጋ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። መርፌው ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚያ ቀጭን ክር በጣም ወፍራም ነው። አሻንጉሊት ጠበቅ ብሎ መሠራት አለበት፤ ለእንዲህ ያለ ክር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለው መርፌ ነው የሚሆነው። አለበለዚያ በየቀዳዳው ጥጡ ይወጣል።

ያስቆጣኝ ግን ዓይኑ ነው። ለአሻንጉሊት የሚሠራው የፕላስቲክ ዓይን ከኋላው እግር አለው፤ እግሩ ላይ ከውስጥ በኩል ማቆለፊያ ቀለበት ይገባል። አንዴ ከተቆለፈ በቀላሉ አይነቀልም። ጥቅሉ ውስጥ ያሉት ማቆለፊያ የላቸውም፤ መመሪያው «በሙጫ ለጥፉ» ይላል። ማስታወቂያው ደግሞ «ከተወለደ ሕፃን ጀምሮ» ይላል። ሕፃን ልጅ አሻንጉሊት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አፉ ውስጥ ያስገባዋል፣ ይጠባዋል፣ ይጎትተዋል። ሙጫ በምራቅ ሲርስ ሊለቅ ይችላል። የምትለቀውም ነገር ጉሮሮ የምትዘጋ ናት።

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በሚሸጥ መጫወቻ ላይ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ፣ ሊነቀል የሚችል ነገር እንዲኖር አይፈቀድም። ቤት ውስጥ ለግምት ያህል ሶፍት የሚጠቀለልበትን ካርቶን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከመለኪያው ትንሽ ሰፋ ስለሚል ለጥንቃቄ ይሆናል። በካርቶኑ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከትንሽ ልጅ መራቅ አለበት። ማቆለፊያ ያለው ዓይን ራሱ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም። ለሕፃን ስትሠሩ ዓይኑን በጥቁር ክር ጥለፉት። ያምራል፣ አይነቀልም፣ ይታጠባል።

ማስታወቂያው «ሕፃናትን ያረጋጋል፣ ሐኪሞች ያዙታል» ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል። ነገሩ ከባዶ አልመጣም። በ2013 በአውሮፓ አቆጣጠር ዴንማርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የኪሮሽ ኦክቶፐስ እየሠሩ ለሆስፒታል መስጠት ጀመሩ፤ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። እግሮቹ እትብትን ያስታውሷቸዋል የሚል ሐሳብ ነው። ግን የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም። ለዚያ የሚሠራውም በጥብቅ ደንብ ነው። ክሩ 100% ጥጥ መሆን አለበት። እግሩ ተዘርግቶ ሲለካ ከ22 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በ60 ዲግሪ መታጠብ አለበት። ሕፃኑም ያለው በነርሶች ዓይን ሥር ነው። ጥቅሉ ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም፤ የመመሪያው እግር ብቻ ሲዘረጋ 40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ምንም ዓይነት ለስላሳ መጫወቻ እንዳይቀመጥ ይመክራል። በደንብ የተሠራውንም ቢሆን ሕፃኑ ሲተኛ አንሱት።

ልጅቷ ለሻጯ ጻፈች፤ እኔም የዙሮቹን ድምር ጽፌ አስረዳኋት። መልሷ «ንድፉ ትክክል ነው፣ እጅሽ ነው» የሚል ነበር። ገንዘብ ይመለስ ስንላት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለች። ከዚያ ሁለታችንንም ብሎክ አደረገችን። ያቺ «እጅሽ ነው» የምትለዋ ቃል ናት ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ። ስንት ልጅ ይህን ሰምታ ኪሮሹን አስቀምጣ ይሆን?

ያለቀለትን አሻንጉሊት የምታዙም ተጠንቀቁ። ኪሮሽ የሚሠራው በእጅ ነው፤ ፋብሪካ የሚያወጣው የሚመስለውን ነው። ስምንት እግር ያለው አሻንጉሊት ለለመደ እጅም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። «50 ፍሬ ነገ እናደርሳለን፣ ቀብድ ላኩ» የሚል ሰው ወይ በእጅ አልሠራም፣ ወይ ቀብዱን ይዞ ሊጠፋ ነው።

ገዝታችሁ የተታለላችሁ ደግሞ ማስረጃችሁን አታጥፉ። የማስታወቂያውን ፎቶ፣ የቴሌብር መልዕክቱንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪን ሾት አድርጋችሁ ያዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሳትዘገዩ ጠይቁ፤ እምቢ ካሏችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። ውጭ አገር ያላችሁና በባንክ ካርድ የከፈላችሁ እህቶች ባንካችሁ ጋ አቤቱታ አስገቡ፤ ዕቃው እንደተባለው ካልሆነ ክፍያውን የሚያስመልስ አሠራር አለ።

ጥቅሉ እጃችሁ ላይ ካለ አትጣሉት። ክሩ ይሠራል። መርፌውን በ3 ሚሊ ሜትር ቀይሩና እንዲህ አድርጉ። እስከ አራተኛው ዙር ከላይ እንደጻፍኩት ሂዱ። አምስተኛው ላይ ሦስት ስፌት፣ አንድ ጭማሪ፣ 6 ጊዜ፤ 30። ስድስተኛው ላይ አራት ስፌት፣ አንድ ጭማሪ፤ 36። ከዚያ ስምንት ዙር ምንም ሳትጨምሩ 36 እያላችሁ ዙሩ። ዓይኑን በክር ጥለፉ። ቀጥሎ መቀነስ ነው፤ አራት ስፌት ሠርታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ፣ 6 ጊዜ፤ 30። ሦስት ሠርታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ፤ 24። ጥጡን እዚህ ላይ ሙሉ። በዚያው አካሄድ 18፣ 12፣ 6 እያላችሁ ዝጉት።

ለእግሩ 35 ሰንሰለት ሠርታችሁ፣ የመጀመሪያዋን ዝለሉና ስትመለሱ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት ስፌት አስገቡ። ያን ጊዜ ራሱ ይጠቀለላል። ዘርግታችሁ ለኩት፤ ከ22 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሰንሰለቱን ቀንሱ። ስምንት ሥሩ። ስትቀንሱ 24 የሆነው፣ ጥጡን የሞላችሁበት ዙር ላይ በየሦስት ስፌቱ አንድ አንድ እግር አድርጋችሁ ስፉ፤ ስምንቱም እኩል ይገጥማሉ። ክሩን ስትቋጩ ጫፉን ወደ ውስጥ ደጋግማችሁ አሳልፉት፣ ከዚያ በደንብ ጎትታችሁ ፈትኑት። አንድ ዙር ላይ ድምሩ እምቢ ካላችሁ ሥራውን ከላይ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አብረን እንቆጥረዋለን።