የእርጉዝ ቀሚስ ብለው የወፍራም ቀሚስ ሸጡልኝ

እርጉዝ እህቶቼ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ስድስት ወር እንደሞላኝ ከአንድ የቴሌግራም ሱቅ ቀሚስ አዘዝኩ። «በልክሽ ዲዛይን የሚደረግ፣ ወልደሽም የምታጠቢበት» ይላል። 3,800 ብር፣ ሙሉው በቅድሚያ። ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ። ስለ ልክ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ውዴ፣ ስንት ኪሎ ነሽ?» ስንተኛ ወርሽ ነው ያለኝ የለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ቀሚሱ መጣ። ትከሻው ክንዴ ላይ ወርዷል፤ ሆዴ ላይ ግን ተወጥሯል። ከኋላ ባቴ ድረስ የሚደርሰው ከፊት ጉልበቴ ላይ ተሰቅሏል። እህቴ «ጭቃ የምትሻገሪ ትመስያለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ማጥቢያውንማ ብንፈልግ ብንፈልግ የለም። ያለው አንድ ዚፕ ነው፣ እሱም ጀርባ ላይ! በጀርባ የሚጠባ ልጅ እኔ አላየሁም።

ሰፈራችን ላሉት ልብስ ሰፊ ወሰድኩት። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የፊቱንና የኋላውን ጠርዝ አጋጠሙት። እኩል። «ልጄ፣ ይሄ የእርጉዝ አይደለም፣ የወፍራም ነው» አሉኝ። ሆድ ሲገፋ ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ፊቱ ከኋላው ረዘም ተደርጎ ይቆረጣል፤ ትርፉ ጎንና ጎን ላይ ተሸብሽቦ ይገባል። ትከሻው ግን የራስሽ ትከሻ ነው። ሆድ ስላደገ ትከሻ አብሮ አያድግም። ገልብጠው ሲያዩት ደግሞ ስፌቱ ውስጥ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ እንኳ አልተዉም።

ብሬን ስጠይቅ «የኔ ቆንጆ፣ በልክሽ የተሰፋ አይመለስም» አሉኝ። በማን ልክ? ደረሰኝ ስል ብሎክ አደረጉኝ። ደረሰኝ ማግኘት የሸማች መብት ነው፤ እኔ ግን ብሩን ከላክሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ስታዝዙ የጎን ፎቶ አስልኩ። እነሱ የሚለጥፉት ሁሉ ከፊት፣ እጅ ሆድ ላይ ተደርጎ የተነሳ ነው፤ የጠርዙ ጉድ የሚታየው ከጎን ነው። ከትከሻ ተነስቶ በሆድ ላይ አልፎ እስከ ጉልበት ያለውን ያልለካ ሰው የእርጉዝ ልብስ አይሰፋም። «ይለጠጣል» ካሏችሁ ሳቡና ልቀቁት። ካልተመለሰ ዘጠነኛ ወር ላይ ጆንያ ነው የሚሆነው። ለብሳችሁ ሳትሞክሩ ደግሞ ሙሉውን አትክፈሉ።

ጋሼ ከፊት ጠርዙ ላይ ሌላ ጨርቅ ቀጠሉበት። 600 ብር። ቀለሙ አልገጠመም፤ ጉልበቴ ግን ተሸፍኗል።