የሦስት ቀን የአደጋ ሥጋት አመራር ሥልጠና በደሴ፦ ለከፈልሁት ያገኘሁትና ያጣሁት

ኮምቦልቻ በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ከመደበኛ ሥራዬ ጋር የደኅንነት ኃላፊነቱን ደርቤ እንድይዝ ከተደረገ ወዲህ የሚያስተምረኝ ሳፈላልግ ቆይቼ፣ ባለፈው ወር አንድ የግል አማካሪ ድርጅት ለመሥሪያ ቤቶችና ለማኅበረሰብ ተወካዮች ደሴ ላይ ያዘጋጀውን የሦስት ቀን መሠረታዊ ሥልጠና 2,500 ብር ከፍዬ፣ በየማለዳው የሐረጎን ዳገት በጭጋግ እየወጣሁ ተከታትያለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

የመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል በስላይድ አለቀ። ጉዳትን አስቀድሞ መቀነስ፣ ዝግጁነት፣ ምላሽ እና መልሶ ማቋቋም የተባሉት አራቱ ምዕራፎች በቅደም ተከተል ቀረቡ፤ አሠልጣኙም አንድ ነገር በሚገባ አስጨብጦናል። ቦርከና ሰውም ንብረትም በሌለበት ሜዳ ላይ ሞልቶ ቢፈስ ክስተት ብቻ ነው፤ ጎርፉ ወለል ላይ የተደረደረ ዱቄት ወይም የተኙ ልጆች ሲያገኝ ነው አደጋ የሚሆነው፤ ስለዚህ ወንዙን ማቆም ባንችልም ዱቄቱን ከወለል ማንሣት እንችላለን።

ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚሁ ቀን ነው። ማስተማሪያው ለአዲስ አበባ የተሰናዳ ስለነበር «እሳት ሲነሣ 939 ደውሉ» ይላል፤ ቁጥሩ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ነውና የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ወዴት ይደውል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ከየከተማችሁ አጣሩ» ሆነ። ስለ ርዕደ መሬት ሲወሳም በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ በፎቶ ሲቀርብ፣ በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ካራ ቆሬ አካባቢ ተነሥቶ ማጀቴን ስላፈራረሰው አንድም ቃል አልተነገረም። ገንዘብ ተቀብሎ ወሎ ድረስ ለሚመጣ አሠልጣኝ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ግን ለብቻው ክፍያውን ያካክሳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1970 እ.ኤ.አ. የሰደድ እሳት በኋላ የተቀረጸውን የአደጋ ጊዜ የእዝ ሥርዓት፣ ማለትም አንድ አዛዥ፣ ከሥሩም የኦፕሬሽን፣ የዕቅድ፣ የሎጂስቲክስና የፋይናንስ ክፍሎች የሚኖሩበትን፣ አንድ ኃላፊም ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ብቻ በቀጥታ እንዲመራ የሚያዘውን አሠራር ከተማርን በኋላ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ልምምድ ላይ አዋለን። የሐምሌ ሌሊት ነው፤ ቦርከና ሞልቶ የ60 አባወራዎች ቤት ውሃ ገብቶበታል፤ 300 ሰዎች አንድ ትምህርት ቤት ተጠልለዋል። ሎጂስቲክስ ለእኔ ደረሰኝ። ስፊር በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መስፈርት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ስለሚያስፈልግ 4,500 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 225 ጀሪካን ማለት ነው። ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ ሲታሰብ ደግሞ 15 ያስፈልጋል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ያለው ስድስት ነው። ይህን በእስክሪብቶ አስልቼ እስካየው ድረስ «ለተፈናቃዮች ውሃ ይቅረብ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በሪፖርት ላይ እንደጻፍሁት ትዝ ብሎኝ አፈርሁ።

ቀጥሎ አሠልጣኙ «የስልክ ኔትወርክ ተቋርጧል» የሚል ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁላችንም ዝም አልን። ከደሴ አንድ ሰፈር የመጡ አንድ አዛውንት የቅሬ፣ ማለትም የወሎው እድር፣ ዳኛ «ልጄ፣ ስልክ ሳይገባም ሰው ይሞት ነበር፤ ቀባሪ አጥቶ ያደረ ግን አላየንም» አሉና ቀጠሉ፦ ጡሩንባ ነፊው ሰፈሩን በስንት ደቂቃ እንደሚያዳርስ፣ በመዝገቡ ላይ አቅመ ደካማ ያለበት ቤት እንዴት እንደሚለይ፣ ድንኳኑ፣ ድስቱና ቃሬዛው በማን እጅ እንዳለ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ፤ ያ የእዝ ሠንጠረዥ በሌላ ስም ቀድሞ ነበረን ማለት ነው። አሠልጣኙ ይህን ሳያቅማማ ሰሌዳው ላይ መጻፉን አደንቃለሁ፤ ይሁንና በተሰጠን ጥራዝ ውስጥ «እድር» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ሲገኝ፣ ቅሬ ጨርሶ የለም።

ስለ ሦስተኛው ቀን ብዙ የምለው የለም። ለ28 ሰልጣኝ የቀረበው የእሳት ማጥፊያ አንድ ብቻ ስለነበር ቀለበቱን ነቅለው፣ አፍንጫውን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥረው፣ እጀታውን ጨብጠው ግራና ቀኝ ለመርጨት የታደሉት አራት ሰዎች ናቸው፤ ሌሎቻችን አጨበጨብን። የምስክር ወረቀቱም ለእኔ የደረሰኝ የአባቴ ስም ተሳስቶ ነው።

እንግዲህ ሥልጠናውን ለመግዛት የሚያስብ መሥሪያ ቤት የሁለተኛውን ቀን ልምምድ በራሱ ቅጥር ግቢ ላይ ተመሥርቶ እንዲዘጋጅለት አስቀድሞ ይዋዋል፤ የማጥፊያውንም ብዛት ይጠይቅ። እኔ በተመለስሁ ማግስት የመጋዘናችንን የኋላ በር ብገፋው ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ አገኘሁት፤ ቁልፉ ያለበትን የሚያውቀው የቀን ዘበኛው ብቻ ነበር። አሁን አንድ ቅጂ ከሌሊት ተረኛው ዘንድ አለ፤ ጓጉንቸሩን ከነጭራሹ ለማስነሣት ግን ከአለቃዬ ጋር ገና እየተከራከርን ነው።