አባይ ማዶ ያለው ላሜራ ቤት፦ እጥፋቱ ይመቻል፣ ቀጠሮው አይታመንም

ታፔላ የለውም። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ገብታችሁ «ስቴንለስ የሚያጥፉት የት ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል።

ጣና ላይ ሰው የምታመላልስ ትንሽ ጀልባ አለችን። የሞተሯ መያዣ ሌላ ቤት የተሠራ ነበር፤ ሦስት ቁራጭ ተቆርጦ በብየዳ የተገጣጠመ። ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀው ደግሞ ብየዳው ራሱ ሳይሆን እሳቱ ያገኘው፣ ከጎኑ ያለው ብረት ነው። ሞተር ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የሚፈትነው እዛችው ጋ ነዋ።

እዚህ ያሉት ባለሙያ የተሰበረውን አገላብጠው አዩት። እንደ ብዙዎቹ የቀድሞውን ሠራተኛ ማማት አልጀመሩም። «ይሄ ምን ብየዳ ያስፈልገዋል? ከአንድ ላሜራ ይታጠፋላ!» አሉ። እኔ 316 የሚባለውን ስቴንለስ ነበር የጠየቅሁት፣ ለጀልባ እሱ ነው ሲባል ሰምቼ። «ልጄ፣ እሱ ለባሕር ጨው ነው። ጣና ምን ጨው አለውና? 304 ይበቃሃል» አሉኝ። ውዱን ሸጠውልኝ ዝም ማለት ይችሉ ነበር።

ሥራውን ቆሜ አየሁት። ላሜራው 4 ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ በፋብሪካ የተዳመጠበትን አቅጣጫ ፈለጉ፤ እጥፋቱ ከዚያ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ አቋርጦት እንዲያልፍ አዞሩት። መስመሩን ያሰመሩት በማርከር ነው። በሹል ብረት ቢጭሩት ጭረቷ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ከዛ ቁራጭ ላይ ሞከሩ፣ ምክንያቱም ስቴንለስ ግትር ነው፣ ማሽኑ ሲለቀው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እና 90 ዲግሪ እንዲያርፍ ከፈለጋችሁ እስከ 87 አካባቢ ጫን ማድረግ ያስፈልጋል። የእጥፋቱን ማዕዘን ሹል አድርጉልኝ ብላችሁ እንዳትጨቀጭቋቸው። የውስጡ ራዲየስ (የመታጠፊያው ክብነት) ቢያንስ የላሜራውን ውፍረት ካላከለ ውጭው ሊቀደድ ይችላል። እጥፋቱ አጠገብ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች መጨረሻ ላይ ነው የበሱት፤ ቀድመው ቢበሱ ኖሮ ሲታጠፍ እንቁላል መስለው ይቀሩ ነበር።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ጠርዙን የሚያለሰልሰው ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር ብረት ሲፈጭበት በዋለው ዲስክ ፈጨው! ጀልባዋ ሥራ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ስቴንለሱ አይደለም የዛገው፣ ከዲስኩ የተጋባበት የጥቁር ብረት ብናኝ ነው። ስመልሰው አልተከራከሩኝም፣ በአሲድ አጥበው አጸዱልኝ። ግን እጥፋት ላይ እንደዛ የሚጠነቀቅ ቤት ለስቴንለስ የተለየ ዲስክ አለማስቀመጡ ያናድዳል። አዲስ ዲስክ ገዝታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እና ዓይናችሁ እያየ ይግጠሙት።

ቀጠሮን በተመለከተ «ነገ ጠዋት» ካሏችሁ አትመኑ። መብራት ከጠፋ ማጠፊያው ይቆማል፣ ጄኔሬተር የላቸውም። ስልክ ደውሉና መብራት መኖሩን ጠይቃችሁ ሂዱ። ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) የሚፈልግ ሥራ፣ ቦኮላም (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ሆነ ዘንግ፣ አትስጧቸው። ተቀብለው ለሌላ ቤት ነው የሚያሠሩት፣ ጭማሪውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ዋጋቸው ከብየዳ ቤቶቹ ይወደዳል። ለታጠፈ ዕቃ ግን እኔ ሌላ ቦታ አልሄድም። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጧችሁም፣ ቀብድ ስትከፍሉም አጽፉ።