ለታሸገ በርበሬ፦ «ፋሲል» ይሻላል የእናት ስም?

ጎንደር ላይ በርበሬና ሽሮ ማሸግ የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚጨነቀው በስም ነው።

የታሪክ ስም፦ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ግንቡ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስለተመዘገበ የሩቁም ሰው ያውቀዋል። ግን «ፋሲል» ሲባል አንዱ ንጉሡን ያስባል፣ ሌላው ግንቡን፣ ወጣቱ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳውን ክለብ። በርበሬ የሚያስብ የለም! ዳሽንማ ተራራነቱ ተረስቶ «አንድ ዳሽን» ሲባል የሚመጣው ቢራ ነው።

የእናት ስም፦ ቀስ ብሎ ነው የሚታወቀው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትገዛ ሴት ግን ቆንጠር አድርጋ በመዳፏ ታሸዋለች፣ ታሸታለች፣ ከዚያ «የማን ነው?» ትላለች። ለዚህ ጥያቄ «የፋሲል» መልስ አይሆንም። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አክስቴ አንድ ክረምት በርበሬዋ በደንብ ሳይደርቅ ተፈጭቶ ሻገተባት፤ ጎረቤት እስከ ዛሬ ያነሳዋል።

ምዝገባ፦ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ የንግድ ምልክት 7 ዓመት ይጠበቃል፣ ይታደሳልም። ሁሉም የሚጠራበትን ስም የራስ ማድረግ ግን ይከብዳል።

ሸቀጡ ለቱሪስትና ለስጦታ ከሆነ፣ ወይም አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ከገባ፣ የታሪኩ ስም ያዋጣል። ገዢው ሰፈርተኛና የሰርግ ደጋሽ ከሆነ የእናት ስም ይሁን፤ ያውም እናትየው ራሷ እየቀመሰች ካሳለፈችው ብቻ።