ለሳሪሱ ጎሚስታ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቤተሰቦች። እዚህ ብዙም አልጽፍም፤ ይሄን ዝም ብዬ ባልፈው ግን ውለታ መብላት ይሆንብኛል። ሳሪስ አቦ አካባቢ አንድ ጎሚስታ አሉ። መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ መኪናችሁን ራሳችሁ የምታስጠግኑ እህቶቼ፣ እኚህን ሰው እወቋቸው።

የኮሮላዬ የፊት ጎማዎች አልቀው ነበርና አዲስ ልገዛ አንድ ሱቅ ሄድኩ። የማንንም ስም አልጠራም። ቁጥሩን ከአሮጌው ጎማ ላይ ገልብጬ፣ 195/65 አር 15 ብዬ በወረቀት ጽፌ ነው የሰጠሁት። ሻጩ ወረቀቱን አየት አደረገና «እሱ የለም፣ ይሄም ያው አስራ አምስት ነው፤ እንዲያውም ሰፋ ስለሚል መንገድ ይይዝልሻል» ብሎ 205/70 አር 15 ገጠመልኝ። የአዲስ ጎማ ዋጋ አንድ ብር ሳይቀንስ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ ሙሉ በሙሉ በጠመዘዝኩ ቁጥር ከፊት በኩል የሚፍቅ ድምፅ፣ ጉድጓድ ስገባ ደግሞ ጓ! ተመልሼ ስጠይቃቸው «ጎማው ምንም የለበትም፣ ድምፁ የመኪናሽ ነው» አሉኝ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ኩሽኔታ ነው ተባለ፤ ተቀየረ፤ ድምፁ እዚያው ነው። ሌላ ጋራዥ አሞርዛተር ነው አለ፤ እሱም ተቀየረ፤ ድምፁ እዚያው ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን ያየ አንድ ሰው የለም! ገንዘቡስ ይሁን፣ ሠርቼ እተካዋለሁ። የሚያንገበግበኝ አነጋገራቸው ነው። እኔ እየጠየቅኩ መልሱን የሚሰጡት አብሮኝ ለሄደው ለጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ልጁ እኮ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ከኋላ ትቀመጥና አደባባይ በዞርን ቁጥር የበሩን እጀታ ጭምቅ አድርጋ «ማርያም ማርያም» ትላለች። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ጭራሽ ላውርድሽ ወይ እስክላት ድረስ ተጨነቀች። መንገድ ዳር ጎማ ተደርድሮ አየሁና ቆምኩ።

ሰውየው መኪናዋን ከማየታቸው በፊት ወንበር አውጥተው እናቴን ጥላ ስር አስቀመጡልኝ። «እትዬ፣ ፀሐይ እንዳይነካዎት» ብለው ውኃ አስመጡላት። ከዚያ «ልጄ፣ መሪውን ወደ ግራ ጨርሺው» አሉኝ። ተንበርክከው በጎማውና በፓራፋንጎው ፕላስቲክ መካከል ጣታቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም። የጎማውን ጎን በጨርቅ ወልውለው ቁጥሩን አነበቡ። የሹፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አዩ። «መኪናሽ ጤነኛ ናት ልጄ፤ ልኳ ያልሆነ ጫማ ነው ያጠለቁላት» አሉኝ። አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈቱ!

ቀጥለው ጠመኔ አንስተው ሲሚንቶው ላይ ጻፉልኝ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ነው፤ ሚሊ ሜትር ሳይሆን የስፋቱ 65 በመቶ፣ 127 አካባቢ ማለት ነው። 15 የቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልኬት (ዲያሜትሩ) በኢንች ነው፤ 381 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የጎኑን ቁመት ከላይም ከታችም ደምረሽ ቸርኬውን ስትጨምሪ የጎማው ጠቅላላ ቁመት 635 ግድም። የእኔን ደግሞ እዚያው ጎን አሰሉት፤ 668። ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ ትርፍ! ልዩነቱ ከ3 በመቶ ባይዘል ነው ደጉ፣ የእኔ 5 በመቶ ነበር። ለካ መኪናዬ 80 ስትለኝ በእውነቱ 84 ነበር የምሄደው። በዚያ ላይ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አሳዩኝ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ የተመረተበትን የፈረንጅ ዓመት ይናገራሉ። «አዲስ» የተባለው ጎማ የ2015 ነው። ስለ አላይመንት የነገሩኝም ነበር፤ እሱን አልያዝኩትም።

ይህን ሲያስረዱኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ነው፤ እንዳልገባኝ ሲያዩ እንደገና ይጽፋሉ። እናቴም ከወንበሯ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ትከታተል ነበር።

በመሃል የድሮ ላንድ ክሩዘር የያዘ ሰው መጣ። ጎማው 7.50 አር 16 ነው፤ ሲያጣ በ235/85 አር 16 ልቀይር አላቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን «ይሆናል» ተብሎ ተገጥሞለት ይሸኝ ነበር። እሳቸው «ቁመቱስ ይቀራረባል፣ ቸርኬህ ጠባብ ከሆነ ግን አይሆንም» ብለው መጀመሪያ ቸርኬውን ለኩለት።

እሳቸው ጎማ አይሸጡም። በወረቀት 195/65 አር 15፣ 91 ኤች ብለው ጻፉልኝና መርካቶ ጎማ ተራ ላኩኝ። ኤች የፍጥነት ደረጃው ነው፤ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ከዚያ ያነሰ እንዳልቀበል አጥብቀው ነገሩኝ። «ቁጥሩንም ዓመቱንም ራስሽ አንብቢ፣ ማንም አያንብብልሽ» አሉኝ። አነበብኩ! የመጀመሪያውን ሱቅ ዓመቱን አይቼ ጥዬ ወጣሁ፤ ቀጥሎ ካለው ገዛሁ።

ስመለስ ገጠሙልኝ፣ ባላንስ ሠሩልኝ፣ ንፋሱን በሩ ላይ እንደተጻፈው ልክ ሞሉልኝ። የፊተኛው ቀን ድካማቸውን ልክፈል ብላቸው «ማየት አይከፈልበትም» አሉ፤ የተቀበሉት የመግጠሚያውን ብቻ ነው። የወለቁትን ጎማዎች ለሰው ልሽጣቸው ወይ ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «አይሆንም ልጄ፣ አርጅቷል፤ ነገ ቢፈነዳ የሰው ነፍስ ነው» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን መቼም አልረሳውም። የራሴን ገንዘብ ሳስብ እሳቸው የማያውቁትን ሰው ሕይወት አሰቡ።

በመጨረሻ እናቴን ከኋላ አስቀምጠው፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው አደባባዩን ዞርን። «እትዬ፣ እስቲ ያዳምጡ» አሏት። ምንም ድምፅ የለም። እናቴ እጀታውን ለቀቀችና ምርቃቷን ታወርድላቸው ጀመር፤ «እጅዎ ይባረክ፣ ልጆችዎ ይባረኩ» እስክናወርዳቸው ድረስ አላቋረጠችም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናንተም ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ አማክሯቸው፤ ከገዛችሁ በኋላም ወስዳችሁ አሳዩዋቸው። ሂዱ፣ አትጠራጠሩ። ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፈው ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቅጣጫውንም እነግራችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ወረፋ አይበዛም፤ እሁድ ዝግ ናቸው።