ለምድጃው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ጭስ ማውጫው ጠይቁ

ሰላም ጎንደሬዎች። አዲስ ቤት ሠርታችሁ ለዚህ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ብርድ የእንጨት ማሞቂያ ምድጃ ልታስገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። የብየዳ ቤቱን ስም አልጠራም። አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ስታገኙት ታውቁታላችሁ።

ቁስቋም በኩል የቤተሰብ ቤት ሠራን። ግድግዳው ብሎኬት፣ መስኮቱ አሉሚኒየም፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው። ከተማው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ዳገት ላይ ደግሞ ነፋሱ ይጨመርበታል። ከሰል አባታችን እንቢ አሉ። ልክ ናቸው፣ በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ስንቱን እንደጨረሰ የማያውቅ የለም። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይሻላል ተባለና ስልኩ ላይ የሚያማምሩ ፎቶዎች የደረደረ በያጅ ተገኘ። «ወንድምዓለም፣ ጭስ የሚባል አታይም፣ ሙሉ በሙሉ ገጥሜ ነው የማስረክብህ» አለና ግማሹን በቀብድ ተቀበለ። ደረሰኝ ስንለው «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለ። የሰጠን በእጁ የጻፋት ብጣሽ ወረቀት ናት፣ «ምድጃ ከነመግጠሚያው» ትላለች፣ በቃ።

ምድጃው ሲመጣ ያምራል፣ አልዋሽም። ባለ መስታወት በር፣ ጥቁር ቀለም። ግን በጣት ቆርቆር ሲያደርጉት እንደ ባዶ ጣሳ ይጮሃል። ላሜራው አንድ ሚሊ ነው። እንጨት የሚነድበት ሳጥን አራት አምስት ሚሊ ውፍረት ወይም ውስጡ የእሳት ጡብ ይፈልጋል፣ አለዚያ ይጣመማል። የኛም ተጣመመና በሩ አልገጥም አለ። የበሩ ዙሪያ ላይ ሙቀት የሚችል ገመድ መኖር ነበረበት፣ የለም። ቀለሙ ተራ የዘይት ቀለም ኖሮ መጀመሪያ ሲነድ ተላጠ፣ ሽታው ሳሎኑን ሞላው።

ይሄ ሁሉ ግን ከቱቦው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ሰውዬው የገጠመው የአሸንዳ ቱቦ ነው። አዎ፣ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት። እሱ ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ዚንክ ደግሞ በኃይል ሲሞቅ የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። በያጆች ራሳቸው ያውቁታል፣ ወተት ጠጣ የሚባባሉት ለምን ይመስላችኋል? ለእሳት የሚሆነው ጥቁር ላሜራ ወይም ስቴንለስ ነው። ቆርቆሮውን መብሳት አልፈለገም መሰለኝ፣ በጣሪያ ማውጣት ሲገባው በግድግዳ አውጥቶ፣ ረጅም አግድም አስኪዶ፣ ጫፉን ከጣሪያው ክንፍ ሥር ተወው። ጭስ የሚሳበው በቁመት ነው። የተለመደው ልክ ቱቦው ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ከፍ እንዲል፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ እንዲበልጥ ነው። የኛ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱን መልሶ ሳሎን ያስገባል።

መጋጠሚያውን ልጨምርላችሁ። «ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ» ብሎ የታችኛውን ቱቦ ከላይኛው ውስጥ ሰካው። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው፣ ምክንያቱም ጭሱ ሲቀዘቅዝ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ቤት በየመጋጠሚያው እየተንጠባጠበ ገና የተቀባውን ነጭ ግድግዳ አዥጎረጎረው። ቱቦው ከቺፑዱ በአንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፣ 45 ሴንቲ ገደማ መራቅ ነበረበት። አሁን ቺፑዱ እዚያ ጋ ቡናማ ሆኗል። እሳት ያልተነሣው በእግዜር ቸርነት ነው።

ደውለን ስንጠይቀው «እንጨታችሁ እርጥብ ነው» አለ። እርጥብ ባሕር ዛፍ እንደሚጨስ እውነት ነው፣ ተፈልጦ ቢያንስ ስድስት ወር መድረቅ አለበት። ግን ደረቅ ወይራ አነደድንበት (ወይራን ለጋን ማጠኛ እንጂ ለዚህ ማዋል ያሳዝናል)፣ ያው ነው።

ከሁሉ የከፋው እናታችን ናቸው። ጠዋት ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ ማለት ጀመሩ። ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። ነገሩ ግን ምድጃው የነደደ ሌሊት ብቻ ነበር የሚያማቸው፣ መስኮት ሲከፈት ይለቃቸዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማለት ይሄ ነው፣ ሽታም ቀለምም የለውም። አሉሚኒየም መስኮት ግጥም ብሎ ስለሚዘጋ ለምድጃው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ እሱንም አልሠራም። እንዲህ ዓይነት ሕመም ካያችሁ እሳቱን አጥፉ፣ ሁላችሁም ውጡና ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ሰውዬው «ጭስ ማውጫው ዋጋ ውስጥ አልነበረም፣ ጨምሩና በጣሪያ ላውጣላችሁ» ይላል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አለ፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ልናመለክት ነው፣ ግን ያለ ደረሰኝ ክርክሩ ይከብዳል። እናንተ በውሉ ላይ ቱቦው የምን ብረት እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ እንደሆነ፣ በየት እንደሚወጣና ከጣሪያ ስንት ሴንቲ ከፍ እንደሚል አስጽፉ። ቀሪውን ብር ምድጃው ፊታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይነድ አትስጡ። ይሄን ስትጠይቁት ፊቱን የሚያጠቁር ካለ ሌላ ብየዳ ቤት ሂዱ።